ባዶውን ሁለት ኪሎ

ዕቃ ሳይጫንበት፣ ሰው ሳይቆም አጠገቡ፣
ሁለት ኪሎ ይላል ሚዛኑ በገዛ ልቡ።
ሐሜሶ ያውቀዋል፤ ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖረዋል፣
«ሁለቱ የራሱ ነው» ይልና ከወረቀቱ ይቀንሳል።
ሠላሳ አንድ ብሎ፣ ሃያ ዘጠኝ ጻፈ፤
የሐዋሳ ስምንት ዓመቴ በዚያ ቁጥር አለፈ።

አልጋዬን ሸጬዋለሁ ለአንድ ሙሽራ ወታደር፣
ምድጃውን ለትርንጎ፣ በሦስት ወር ብድር፤
ድመቷን ለማን እንደሰጠሁ አሁን አልናገርም፣
እሷም አልጠየቀችም፣ እኔም አልነገርኳትም።
ቁልፉን ለእትዬ ዘርፌሽዋል በሁለት እጄ አስረክቤ፣
በሩ ላይ ተላቅሰን፣ ምሳ ሳልበላ ወጣሁ ተርቤ።

ጥቁር ውኃን ተሻግረን፣ ከብት እስኪያልፍ አስፋልቱን፣
የባጃጁ ልጅ አምስት ጊዜ ጠየቀኝ መመለሻ ቀኑን።
«አልመለስም» አልኩት።
ዝም አለ። ዝቅ አደረገ ዘፈኑን።

ማረፊያዋ ትንሽ ናት፤ ከሩቅ ለመጣ ሰው
የእህል መጋዘን ናት፣ ሰማይ የተከራየው።
ፈታሿ ቦርሳዬን ከፍታ፣ ፊቴን አይታ ሳቀች፣
«ደሜን የቀዳሽኝ አንቺ!» ብላ ክንዷን አሳየች።
አቶ ላንቃሞ ከዳዬ፣ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው፣
የልብ ሐኪም ቀጠሯቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ አጥፈው፣
«ሰማይ ላይ ቢቆም» አሉ፣ «ማን ቀበሌ ነው የሚመዘግበኝ?»
ልጁ አፈረ። እኛ ሳቅን። ሌሊቱን ሙሉ ግን ከነከነኝ።

ድምፁ መጣ። ተነሳን፣ ሁላችን፣ ወደ መስታወቱ።
ከአላሙራ በኩል ደመና ወርዶ፣ ዝናብ ቆሟል ከፊቱ፤
ሜዳው ላይ ደግሞ አባ ኮዳ፣ ከነመላጣው፣ ከነኮቱ፣
ሃምሳ ይሆናሉ፣ እንደ ጡረተኛ ኮሚቴ የተገኙ በሰዓቱ።
ባርሳሞ ሮጦ ወጣ፣ ፊሽካ በጥርሱ፣ ዱላ በእጁ፤
በቁጣ ጀመረና ለመናቸው፣ እንደ ወዳጁ።
አንዱ ሲነሳ ሌላው ሲያርፍ፣ ሮጦ ሮጦ ደከመ፤
ዝናቡም ደረሰበት፤ እዚያው መሃል ሜዳ ቆመ።

አውሮፕላኑ አንዴ ዞረ። ሁለቴ።
ሆዱን አየነው፣ ነጭ፣ እንደ ዓሣ ሆድ፣
ከዚያ ደመናው ዋጠው።
ጠበቅን።
ጠበቅን።
ሐሜሶ ኮፍያውን አውልቆ፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው፣
«ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ነገ ነው።»

ተሰናብቶ መመለስን ማንም አላስተማረኝም።
መሄድ ወግ አለው፤ ይኼ ግን ምንም ወግ የለውም።
በዓመቱ ቢሆን እልል ይባላል፤ በዚያው ዕለት፣
ያለቀሱልሽ ሰዎች እንባ ሳይደርቅ፣ ምን ተብሎ ይገባል ቤት?

ያው ባጃጅ፣ ያው ልጅ፣ ከዛፍ ሥር ዝናብ ሲጠለል
አየኝ። «አልመለስም» ያልኩትን አላነሳብኝም፤ ይታደል።
ዘፈኑን ብቻ ከፍ አደረገው።

ትርንጎ በምድጃዬ ዓሣ ስትጠብስ ደረስኩባት፤
ቀጥ አለች፣ ማንኪያ በእጇ፤ እሳቱን ልታጠፋ ዳዳት፤
«ያንቺ ነው፣ ዓሣው እንዳያር» ብዬ ቀድሜ ነገርኳት።
እትዬ ዘርፌሽዋል ግን አልገረማቸውም፣ አልጮኹም፤
«ሳትበዪ ነበራ የወጣሽው! መንገድ የተራበ አይወድም።»
ድመቷም በራፉ ላይ ነበረች።
አልጠየቀችም። አልነገርኳትም።

ማታ በባዶው ክፍል፣ በተውሶ ምንጣፍ ተኝቼ፣
አልጋው የነበረበትን፣ ቀለሙ ያልደበዘዘውን ግድግዳ አይቼ፣
የቀን መቁጠሪያዬን ምስማር፣ የሻማ ጠብታ ከወለሉ፣
ምንም አልተውኩም ባልኩበት ቤት፣ ለካ ስንቱ አሉ።

ነገ በሁለት ሰዓት፣ ሰማዩ ከፈቀደ፣ አባ ኮዳም ከፈቀዱ፣
ሐሜሶ እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ
«ሁለቱ የራሱ ነው» ሊለኝ ነው።
አይደለም፣ ሐሜሶ።
ሁለቱ የኔ ነው። እንዳለ ጻፈው፤
ሠላሳ አንድ።